ቁልፉ በእጄ፣ ጓጉንቸሩ በውጭ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት የካቲት፣ ባለቤቴ ዘውዴ ባረፈ በሰባተኛው ወር ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከዚያ በፊት የባሰ ቀን አይቻለሁ። ግን የከፉትን ቀኖች ቀስ በቀስ እየረሳሁ ስሄድ ይህችን ቅዳሜ መርሳት አልቻልኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ቆራርጬ ነው የምናገረው፤ ግማሹ ያሳፍረኛል፣ ግማሹ ያስቀኛል። አሁን ሙሉውን ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም። ይህችን ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

ስሜ አስቴር ይባላል። የምኖረው አርባ ምንጭ፣ ላይ ሴቻ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ዘውዴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከአባቱ የቀረለት ሲሆን ታች ሲቀላ፣ ከገበያው ጀርባ ነው። አምስት ሱቆች ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው የቆሙበት አንድ ረድፍ አለ፤ የእኛ ከዳር ሁለተኛው ነው።

ድሮ በዚያ ረድፍ የነበሩትን አሁንም በቃሌ እቆጥራቸዋለሁ። ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ከዚያ ዘውዴ፣ ከዚያ ጋሽ ሻንቆ፣ ከዚያ ፀጉር ቆራጩ፣ መጨረሻ ላይ ሻይ ቤቱ። የጨንቻ ሸማኔዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ዱንጉዛቸውን፣ ያንን ቀይና ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን ጨርቅ፣ ተሸክመው ይወርዱ ነበር። የአባያ ዓሣ አጥማጆች የተቀደደ ሸራ ያስጠግኑ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱሪ ያሳጥር ነበር። አሁን ሬዲዮ ጠጋኙ የነበረበት የኳስ ውርርድ ቤት ሆኗል። ፀጉር ቆራጩ የነበረበት ፎቶ ኮፒ ይነሣበታል። ሻይ ቤቱ ፈርሶ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ከድሮዎቹ የቀሩት ሚስማር፣ ገመድና ማጭድ የሚሸጡት ጋሽ ሻንቆ ብቻ ናቸው።

ጋሽ ሻንቆ ከዶርዜ በልጅነታቸው የወረዱ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት «አስቴር፣ እንዴት አደርክ?» ሲሉኝ ኖረዋል። አስተማሪ ብሆንም አርሜያቸው አላውቅም።

በዚያ ረድፍ አንድ ልማድ አለ። ሲቀላ በቀትር እሳት ነው። ነጋዴው ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ይገባል፤ የሚመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው። ዱሮ የሬዲዮ ጠጋኙን ሱቅ ሌባ በቀትር ከፍቶ ከገባበት ወዲህ፣ መጨረሻ የሚሄደው ሰው የሁሉንም ጓጉንቸር አንድ በአንድ እየጎተተ ያያል። ሳይቆለፍ የተረሳ ካገኘ ቀጭ አድርጎት ይሄዳል። ማን ረሳ ብሎ አይጠይቅም፤ ባለቤቱም ሲመለስ አያመሰግንም። ዘውዴ ማታ ማታ ይነግረኝ ነበር፤ «ዛሬ ደግሞ ሻንቆ ቁልፉን አንጠልጥሎት ሄዷል» እያለ ይስቅ ነበር።

ይህን ልማድ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የሞተ ሰው ጓጉንቸር ግን አሁንም የሚጎትተው ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዘውዴ ካረፈ ጀምሮ በየቀኑ የምሰማው አንድ ቃል ነበር። «ተቀመጪ።» ውኃ ልቅዳ ስል ተቀመጪ። ገበያ ልውረድ ስል ተቀመጪ፣ እኛ እናመጣለን። ቤተ ክርስቲያን እንኳ የምሄደው ሁለት ጎረቤት ግራና ቀኝ ይዘውኝ ነው። ክፋት አልነበረውም፤ ሁሉም ከልቡ ነው። ሀዋሳ ያገባችው ልጄ በስልክ ተቀመጪ ትለኛለች። የዘውዴ ታናሽ ወንድም ተፈሪ ከጨንቻ በየሳምንቱ እየወረደ ተቀመጪ ይለኛል። እኔም ተቀመጥኩ። ጥቁር ለብሼ፣ በሩ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ፣ ሰባት ወር። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። ግን የሚወጣ ሰው አልነበርኩም።

ጥር መጨረሻ ላይ ተፈሪ ነገሩን ቆረጠው። «እትዬ፣ ሱቁ ዝም ብሎ ተዘግቶ ምስጥ ይበላዋል። የውርርድ ቤቱ ሰውዬ ግድግዳውን አፍርሶ ሊያሰፋው ይፈልጋል። ይከራየው። እርስዎም እዚህ ብቻዎን ምን ይሠራሉ? ጨንቻ ከእኛ ጋር ይኑሩ፤ አየሩም ለደም ግፊትዎ ይስማማል።»

«እሺ» አልኩት። ለሁሉም እሺ ነበር የምለው። ሰኞ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ተገናኝተን ቁልፉን ላስረክብ ተስማማን።

ቅዳሜ ዕለት ብቻዬን ሱቁን ልሰናበተው ፈለግሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ስልኬን ሆን ብዬ ቤት ተውኩት፤ ተፈሪ እንዳይደውል፣ ልጄም «የት ነሽ?» እንዳትለኝ። ባጃጅ ይዤ ሲቀላ ወረድኩ። ስደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ቀትርን የመረጥኩት ሰው እንዳያየኝ ነው። ጥቁር የለበሰች ሴት የባሏን ሱቅ ስትከፍት ካዩ ከንፈር የሚመጥ ሰው ይሰበሰባል። ከንፈር መጠጣ ሰልችቶኝ ነበር።

ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። ቁልፉን ነቅዬ ያዝኩና ጓጉንቸሩን ክፍቱን ቀለበቱ ላይ አንጠለጠልኩት። ገባሁና የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ስቤ ዘጋሁት።

ሁሉም እንደነበረ ነው። የማተኮሻው ጠረጴዛ፣ የከሰሉ ካውያ፣ ክዳኑ የተበሳው የውኃ ፕላስቲክ፤ ዘውዴ ልብስ ሲተኩስ ውኃ የሚረጭበት ነበር። የስፌት መኪናው በሩ አጠገብ ቆሟል። መርፌው ዱንጉዛ ጨርቅ ላይ እንደተሰካ ነው። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን ሱሪ እየሰፋ «ራሴን አመመኝ፣ ትንሽ ልረፍ» ብሎ ቤት መጣ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። መርፌው ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተነሣም። ሱቁን ሰባት ወር ሙሉ ያላስከፈትኩት ለዚህች ስፌት ብዬ ነው፤ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የመጨረሻዋ የእጁ ሥራ ናት። የሚነካት ሰው እንዳይኖር ነበር የፈለግሁት። ሰኞ ግን መኪናውንም ጨርቁንም ከዚያ ማንሣት ነበረብኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ራሴን ጨርቁ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። በቀብሩም እንደዚያ አላለቀስኩም፤ እዚያ የሚይዘኝ ሰው በዝቶ ነበር።

በዚህ መካከል የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። ቀስ እያለ መጣና በራችን ላይ ቆመ። ትንፋሼን ያዝኩ። እንደዚያ ሆኜ መታየት አልፈለግሁም፤ ያልፋል ብዬ አፌን በነጠላዬ አፈንኩ። በሩ ትንሽ ተገፋ። ከዚያ ከውጭ ቀጭ አለ።

ያን ጊዜም ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ምን እንደሆነ ሲገባኝ የነጠላ ጫማው ድምፅ ርቋል። ተነሥቼ በሩን ገፋሁት። አልነቃነቅም አለ። ቁልፉ በእጄ ነው፤ ጓጉንቸሩ በውጭ።

«ጋሽ ሻንቆ!» አልኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልመስል አለኝ፤ በልቅሶ ደርቆ ነበር። ደግሜ ጮህኩ። መልስ የለም። መንገዱ በቀትር ባዶ ነው። ከውርርድ ቤቱ የሙዚቃ ድምፅ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ አልፈራሁም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመለሳሉ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀጥዬ ቅዳሜ መሆኑን አስታወስኩ። ዘውዴ በሕይወት ሳለ ጋሽ ሻንቆ አንዳንድ ቅዳሜ በቀትር ዘግተው ዶርዜ ይወጣሉ፣ የሚመለሱት ሰኞ ነው ይለኝ ነበር። የፎቶ ኮፒዋ ልጅ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምትሠራው። የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው የለም። ልጄ ብትደውል ስልኩ ቤት ይጮሃል፤ ተኝታለች ትላለች። ሰኞ ጠዋት ተፈሪ ቁልፍ ሊቀበል ሲመጣ ምን እንደሚያገኝ አሰብኩ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ሙቀቱ ከላይ እንደ ምጣድ ይጫናል። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መምታት ጀመረ። የግፊት መድኃኒቴ ሴቻ፣ ራስጌዬ ነው ያለው። ቁርስ አልበላሁም። ያን የተበሳ ፕላስቲክ አንሥቼ አየሁት፤ ጭላጭ ውኃ አለ፣ አረንጓዴ ሆኗል። አልጠጣሁትም። እንደ ልብስ ራሴ ላይ ረጨሁትና በቀረው የነጠላዬን ጫፍ አርጥቤ ግንባሬ ላይ አሰርኩት።

ከጣሪያው አንዲት የሚስማር ቀዳዳ የፀሐይ ነጥብ ትገባለች። ሰዓቴ እሷ ሆነች። ከማተኮሻው ጠረጴዛ ወርዳ ወለሉ ላይ ስትሄድ አያታለሁ። ከበሩ ሥር ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት አለች። ተንበርክኬ ቁልፉን በጣቶቼ ይዤ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ የሚያልፍ ሰው ያየዋል ብዬ። የውጭው ድንጋይ ጣቴን አቃጠለኝ። ያለፈችው ዶሮ ብቻ ነበረች። ቁልፉ ከእጄ ቢያመልጥ ብዬ ፈራሁና መለስኩት።

ነጥቧ ወለሉን ግማሽ ስታልፍ ውርርድ ቤቱ ሞላ። ጨዋታ ተጀመረ መሰለኝ፤ የወጣቶች ጩኸት ሆነ። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ግድግዳ ከወገብ በላይ ቆርቆሮ ነው። የካውያውን እጀታ ይዤ በኃይሌ ደበደብኩት። «እናንተ ልጆች! ክፈቱልኝ!»

ልክ በዚያች ቅጽበት ወዲያ ማዶ «ጎ‑‑‑ል!» አሉ። ከዚያ እነሱም በደስታ ግድግዳውን መልሰው ደበደቡልኝ። እኔ ስመታ እነሱ ይመታሉ፣ እኔ ስመታ እነሱ ይመታሉ። አንዱማ «ሌላኛውም ቤት ደስ ብሎታል!» ሲል ሰማሁት። ካውያውን አስቀምጬ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን በዚያ ግድግዳ ሥር «በቃ እንዲህ ነው የምሞተው» ብዬ ነበር።

ሰውን ሊያስቅ ይችላል፤ ሞቱ ራሱ አልነበረም ያሳዘነኝ። በዝምታ መሞቴ ነው። ሰባት ወር ዝም ብዬ ተቀምጬ፣ አንዲት ጊዜ ብቻዬን ብወጣ እዚያም ዝም ብዬ ተቆለፈብኝ። አፌን በገዛ ነጠላዬ ያፈንኩት እኔው ነኝ።

ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ። የጠፋው የከተማው ነው፤ እኔማ ድሮም ጨለማ ውስጥ ነበርኩ። ሙዚቃውም ቴሌቪዥኑም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ልጆቹ ተሳደቡ። «ጄኔሬተሩስ?» አለ አንዱ። «ቤንዚን ከየት አባቱ ይምጣ!» አለ ሌላው። እየተንጫጩ ጄኔሬተር ወዳለው ቤት ሄዱ። እኔ ስጮህ የመንገዱ ዳር ላይ ደርሰዋል። ድምፄ እንደ ወረቀት ሆኗል፣ ከበሩ አያልፍም።

ጸጥ አለ። ሲቀላ እንደዚያ ጸጥ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የፀሐይዋ ነጥብ መኪናው እግር ጋ ደርሳ መርገጫው ላይ አርፋለች።

የዘውዴ መኪና መርገጫው ላይ አንድ ብሎን ላልቶበት ነበር። መርገጫው ሦስት ጊዜ ወርዶ በአራተኛው «ቋ» ይላል። ስንት ዓመት አስጠብቀው አልኩት። «ተዪው፣ ሰው ከገበያው ማዶ ሆኖ ሱቅ መግባቴን ያውቅበታል» ይለኝ ነበር። ረድፉ በሙሉ ያንን «ቋ» ያውቀዋል።

ተነሥቼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የቆዳ ቀበቶው ከመንኮራኩሩ ወልቆ ነበር፤ መለስኩት። ሥራ ሲበዛበት እየመጣሁ ዘርፍ እቀመቅምለት ስለነበር መኪናውን አውቀዋለሁ። ጨርቁን ግን አየሁት። መርፌው የዘውዴ የመጨረሻ ስፌት ላይ ቆሟል። ከረገጥኩ ያቺ ስፌት የመጨረሻ መሆኗ ይቀራል። ጨርቁን መጀመሪያ ላውጣው ብዬ እጄን ዘረጋሁ፣ እጄ ግን እምቢ አለኝ፤ ማውጣቱም ያው መንካት ነው። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆየሁ አላውቅም። ጆሮዬ ይጮሃል፣ ዓይኔ ላይ ጥቁር ነጥብ ይዞራል።

«ዘውዴ፣ ይቅር በለኝ» አልኩና ረገጥኩ።

ዝገቱ መጀመሪያ አንቋረረ። ከዚያ መንኮራኩሩ ዞረ። ጥር ጥር ጥር፣ ቋ። ጥር ጥር ጥር፣ ቋ። ጨርቁ ወደፊት መሄድ ጀመረ። እኔ አላየሁትም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምረግጠው። እጄ ጨርቁን ወዴት እንደሚገፋ አላውቅም። ላቤ ይወርዳል፣ ግን አላቆምኩም።

ከበሩ ውጭ አንድ ነገር ወደቀ። የብረት ዕቃ ይመስላል።

«ዘውዴ?» አለ ድምፅ።

እግሬ ቆመ። ጋሽ ሻንቆ ናቸው። ዶርዜ አልወጡም፤ ገና ከምሳ ተመልሰው በራቸው ላይ መቀመጣቸው ነበር።

«ዘውዴ፣ አንተ ነህ?»

መልስ መስጠት ነበረብኝ። ግን ሰባት ወር ሙሉ ስሙን እንደዚህ የጠራ ሰው አልነበረም። ሁሉም «ነፍሱን ይማር» ነው የሚለው። በር ላይ ቆሞ አለህ ወይ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። የወጣው ድምፅ ደረቅና ወፍራም፣ የወንድ ድምፅ ነበር።

«በስመ አብ!» አሉ ጋሽ ሻንቆ፤ ወደኋላ ሲሸሹ ይሰማኛል። «ምን ጎደለህ? ምን አስቀየምንህ? አርባህን አውጥተንልሃል! በጉን እኔ ራሴ ጎትቼ አመጣሁ! ሙት ዓመትህ ገና አምስት ወር ይቀረዋል፣ ምን አስቸኮለህ?»

«ጋሽ ሻንቆ፣ አስቴር ነኝ! ቆልፈውብኝ ነው!»

የነጠላ ጫማው ድምፅ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«አስቴር ሴቻ ነው ያለው» አሉ በጥርጣሬ። «ሐዘን ተቀምጧል።»

«አልተቀመጥኩም! እዚህ ነው ያለሁት! በቀትር በሩን የዘጉት እርስዎ ነዎት፤ ውስጥ ነበርኩ!»

«እንግዲያው አስቴር ከሆንክ፣ የእኔ ሦስተኛ ልጅ አንተ ጋ አራተኛ ክፍል ሲማር ስንተኛ ወጣ?»

በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኜ አስተማሪነቴ መጣ። «ወድቆ ነው እንጂ ምን ይወጣል!» አልኳቸው።

«እውነትም አስቴር ነው!» ብለው ወደ በሩ ሮጡ። ቁልፉን በበሩ ሥር ገፋሁላቸው። የጓጉንቸሩን ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሳቱት። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይኔን መታኝ። ጋሽ ሻንቆ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ከሱቃቸው ያነሡት አዲስ ማጭድ፣ በሌላው የአንገታቸውን ማተብ ይዘዋል።

ውኃ አመጡልኝ። ራሴ ላይ አፈሰሱልኝ፣ ጠጣሁ፣ ደፉ ላይ ሆኜ አየር ሳብኩ። እሳቸው ግን ይቅርታ አላሉኝም። እንደ ቅሬታ አድርገው «በየቀኑ በቀትርና በማታ ጓጉንቸሩን እጎትታለሁ። ሰባት ወር፣ ሲቀላ በዋልኩበት ሁሉ፣ አንድ ቀን አልሳትኩም። ዛሬ ተንጠልጥሎ አየሁ፣ ሌባ ነካካው ብዬ ዘጋሁ። አንተ ለምን ዝም አልክ?» አሉ። ሰባት ወር ሙሉ የዘውዴን በር በቀን ሁለት ጊዜ የሚጎበኝ ሰው መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ዓይናቸው መኪናው ላይ አረፈ። ገብተው ጨርቁን ገለጥ አደረጉት።

«ይሄ የእኔ ሱሪ ነው እኮ!»

ለመስቀል ያሰፉት ነበር። በእኛ አገር መስቀል ያለ አዲስ ልብስ አይከበርም። ዘውዴ ሐምሌ ላይ ሞተ፣ መስከረም ላይ መስቀል ሆነ፤ ጋሽ ሻንቆ አሮጌ ሱሪ ለብሰው ዋሉ። ግድግዳ ብቻ ነው በእሳቸውና በአዲሱ ሱሪያቸው መካከል የነበረው።

«ለምን አልጠየቁኝም?» አልኳቸው።

«ሰው ሞቶበት ሱሪዬን ስጠኝ ይባላል?»

ሱሪውን ከመኪናው አውጥተው ወደ ብርሃን ያዙት። የዘውዴ ስፌት እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወርዶ ወርዶ ያልቃል። ከዚያ የእኔ ይጀምራል፤ እንደ ፍየል መንገድ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል፣ በመጨረሻ የአንዱን እግር አፍ ከዳር እስከ ዳር ሰፍቶ ደፍኖታል። ጋሽ ሻንቆ እጃቸውን በወገቡ በኩል ከትተው ወደ ታች ላኩት። እጃቸው መውጫ አጣ።

እኔን አዩኝ። ሱሪውን አዩት።

«እኔ በሩን ዘጋሁብህ፣ አንተ እግሩን ዘጋህብኝ። በቃ፣ ተካክሰናል።»

ሳቅሁ። መጀመሪያ ሳል መስሎኝ ነበር። ደፉ ላይ፣ ጥቁር ለብሼ፣ ራሴ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ በአደባባይ ሳቅሁ። የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ቆመው አዩኝ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ደንታም አልሰጠኝ።

ጋሽ ሻንቆ ባጃጅ ጠሩልኝ። ተቀመጪ፣ ዕረፊ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ያሉኝ ሌላ ነው። «ሰኞ ትፈታልኛለህ?» አሉ ሱሪውን እያሳዩኝ።

«ሰኞ ሱቁን ላስረክብ ነው።»

ሱሪውን መልሰው መኪናው ላይ አስቀመጡት። «እንግዲያው ሱሪዬን ማን ይፈታል?» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ያን ጥያቄ ይዤ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ከሰባት ወር ወዲህ ሥራ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሰኞ ጠዋት ተፈሪና የውርርድ ቤቱ ሰውዬ ሲመጡ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እኔ መኪናው ፊት ተቀምጬ በምላጭ ስፌት እፈታለሁ።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት? ቁልፉስ?» አለኝ ተፈሪ።

«ሥራ ይዣለሁ፣ ተፈሪ» አልኩት። «ተቀመጥ።»

ነገሩ እንደዚህ በአንድ ቃል አላለቀም። ተፈሪ ተቆጣ፣ ልጄም በስልክ አለቀሰች። እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ተፈሪ ቤቴ አልመጣም፤ አሁን ታርቀናል። ሱቁንም የምከፍተው በሳምንት ሦስት ቀን ነው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፤ ዘውዴ እንደሚሰፋው መስፋት አልችልም። ሐዘኑም አልወጣልኝም። ሴቻ ወደ ባዶ ቤት ስመለስ በሩ ላይ ልቤ እንደዚያ ቀን ይመታል። የተቆለፈብኝ ሁሉ ተከፈተ ብል እዋሻለሁ።

የጋሽ ሻንቆን ሱሪ የተደፈነውን እግር ፈትቼ አስተካከልኩት። ከዘውዴ ስፌት ቀጥሎ ያለውን የእኔን ጠማማ ስፌት ግን ስንዝር ያህል ሳልፈታ ተውኩት። ባለፈው መስቀል ለብሰውት ዶርዜ ወጡ። ልጆቻቸው «አባባ፣ ይሄ ስፌት ምን ሆኖ ነው?» ሲሏቸው፣ «እዚህ ጋ ሰፊው ተቀየረ» ይሏቸዋል አሉ።

ልማዱም ትንሽ ተለውጧል። ጋሽ ሻንቆ አሁን ማንኛውንም ጓጉንቸር ቀጭ ከማድረጋቸው በፊት በሩን አንኳኩተው «ሰው አለ?» ብለው ይጮሃሉ። ፎቶ ኮፒ ቤቱን ሳይቀር። ወጣቶቹ ይስቁባቸዋል።

እኔ በቀትር ሴቻ አልመለስም፤ ምሳዬን ቋጥሬ እወርድና በሩን ገርበብ አድርጌ እዚያው እቆያለሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የነጠላ ጫማቸው ድምፅ ይመጣና በራችን ላይ ይቆማል። «ሰው አለ?» ይላሉ። ድምፄን አላሰማም። መርገጫውን አራት ጊዜ እረግጥላቸዋለሁ፤ ጥር ጥር ጥር፣ ቋ።

«እሺ ዘውዴ» ብለው ያልፋሉ።

በመጀመሪያው ቀን አስለቅሶኝ ነበር። አሁን እሰማቸውና ምሳዬን እፈታለሁ።